ሮስተሩ የማን ነው?



የተከበራችሁ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዳችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ በዚህ በሐርቡ ሙቀት እኔን ለመስማት ስለተቀመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ።

የተጋበዝኩት ነጻ ሶፍትዌር ለትምህርት ቤት አስተዳደር ምን እንደሚጠቅም እንድናገር ነው። ከኮምፒውተሩ በፊት ግን ስለ ወረቀቱ ላንሳ፤ ምክንያቱም ወረቀቱን ሳያውቅ ስለ ሶፍትዌር የሚያወራ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ጥፋት ያደርሳል።

አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር በጥር ማብቂያ የሚያየውን መከራ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። 60 ተማሪ አለው እንበል፤ የትምህርቱ ዓይነት 12 ነው እንበል። የየትምህርቱ መምህር ማርክ ሊስቱን ሞልቶ ያመጣለታል፤ 720 ቁጥር ወደ ሮስተር ይገለበጣል። በካልኩሌተር ይደመራል፣ አማካይ ይወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። ከሮስተሩ ወደ ተማሪው ካርድ፣ ከዚያ ሬከርድ ክፍል ወዳለው ቋሚ መዝገብ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ደግሞ ወደ ትራንስክሪፕት ይገለበጣል። አንድ ቁጥር ከመምህሩ እጅ ወጥቶ ትራንስክሪፕት ላይ እስኪያርፍ አራት ጊዜ በእጅ ይጻፋል ማለት ነው። መምህሩ በድካም 67ን 76 ብሎ ቢገለብጥ የአንዱ ልጅ ደረጃ ይለወጣል፤ የእሱ ሲለወጥ የጓደኞቹም ይለወጣል። ከዚያ ፍሉድ ይመጣል። በፍሉድ የነጣ ሮስተር ደግሞ ሁሉም ሰው በጥርጣሬ ያየዋል፤ «ማን ነካው?» ይባላል። ብዙ ጊዜ የነካው ድካም ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ጽሑፉ አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚገጥመው ግን በ2014 ዓ.ም. አይተናል። በጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያሳወቀው በኅዳር ማብቂያ ነው። በዚያ ዓመት በክልላችን የተዘረፉና የተጎዱ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ወንበርና ኮምፒውተር ይቆጠራል፣ በሪፖርት ይገባል፣ ለጋሽ ይፈለግለታል። በሬከርድ ክፍል ወለል ላይ ለተበተነ ካርድ ግን ለጋሽ የለም። ከያሉበት ተፈናቅለው ሐይቅ አጠገብ ባለው በጃሪ መጠለያ የከረሙትን ልጆች አስቡ። «ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ» የሚል ልጅ ካርዱ ከቤቱ ጋር ከጠፋ፣ የትምህርት ቤቱም መዝገብ ከሌለ፣ ማስረጃው የራሱ ቃል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ኮምፒውተር ቢኖረን ኖሮ» እንዳትሉ። ኮምፒውተር ከወረቀት ቀድሞ ይዘረፋል። የሚያድነው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው አራት ፈቃድ የያዘ ፕሮግራም ነው፦ ለፈለጋችሁት ሥራ ታውሉታላችሁ፣ አሠራሩን ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ ታሻሽሉታላችሁ፣ ያሻሻላችሁትንም ለጎረቤት ታካፍላላችሁ። ሐሳቡን ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያውጅ አነሳው፤ ዛሬ የኢንተርኔቱ አብዛኛው ሞተር የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ፕሮግራም ነው። ለእኛ ለወሎዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅሬን (የእድርን) መዝገብ አስቡት። የሚጽፈው ጸሐፊው ነው፤ ማንኛውም አባል ግን «ክፈትና አሳየኝ» ማለት ይችላል። ደንቡ ካልተመቸ አባላቱ ተሰብስበው ይለውጡታል። ከጎረቤት ቀበሌ መጥቶ «ደንባችሁን ስጡን፣ እኛም ቅሬ ልናቋቁም ነው» የሚል ቢኖር ማንም አይከለክለውም። ዋጋ አለመጠየቁ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በየቢሮው «በነጻ» የተጫነልን ዊንዶውስና ኦፊስ ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ መሆኑን እናውቃለን። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ልክ እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል፤ ተማሪውን «አትኮርጅ» የሚል ትምህርት ቤት ይህን ነገር ቢያስብበት ጥሩ ነው። ሆኖም የእኔ ዋና ክርክር ሕጉ አይደለም። ክርክሬ ስማችን፣ ፊደላችንና ዘመን አቆጣጠራችን ነው።

የከተማችሁን ስም እንውሰድ። በ«ሐ» የሚጽፈው አለ፣ በ«ሀ» የሚጽፈው አለ፣ በ«ሃ» የሚጽፈውም አለ። ከተማው አንድ ስለሆነ ችግር የለውም። ልጅ ሲሆን ግን ችግር ነው። አንደኛ ክፍል «ሀሰን» ተብሎ የተመዘገበ ልጅ በስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፎርም ላይ «ሐሰን» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው አንዱ መምህር በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት «ኤስ» ይጽፈዋል። መሐመድን በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው እናንተ ቁጠሩት። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ፎርም ሲሞላ፣ ወይም ፓስፖርት ሊያወጣ ሲሄድ፣ አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ዝግ ፕሮግራም «ሀ»ን እና «ሐ»ን ሁለት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ብቻ ነው የሚያያቸው። የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባትንና የአያትን ስም ለየብቻ የሚያስገባበት ሣጥን የለውም። በቤተሰብ ስም ሲደረድር የአንድ ክፍል ልጆች በአባታቸው ስም ተሰልፈው ይወጣሉ። ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ የልደት ቀኗን ልታስገባ ብትል ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም።

በአሮጌ ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ፋይሎች ያላችሁ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በዚያ ዘመን ዓይነት ፊደል የተጻፈ ዝርዝር ከበስተኋላ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ስም ሳይሆን ምልክት ይታያል፤ ፍለጋ አይሠራበትም፤ በፊደል ተራ መደርደርም አይሆንም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ የተማሪ ዝርዝር መጻፍ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለሚቀጥለው ሰው ዕዳ ማውረስ ነው። ፎንቱም ኪቦርዱም በነጻ አለ፤ አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው።

ክፍት ፕሮግራም እነዚህን ችግሮች በራሱ አይፈታም። እንድንፈታቸው ግን ይፈቅድልናል። ሁለት ማስረጃ ላቅርብ። ጊበን የሚባል የትምህርት ቤት አስተዳደር ፕሮግራም አለ፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ነው የተጀመረው። የተማሪው መመዝገቢያ ገጽ ላይ ከእንግሊዝኛው ስም ሌላ «ስም በፊደል» የሚል ሣጥን አለው፤ ለቻይንኛ አጻጻፍ ነው የተጨመረው። ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ሠርተውት ስለነበር ሣጥኑን ለማስገባት የማንንም ደጅ አልጠኑም። እኛ ያው ሣጥን ውስጥ በግዕዝ ፊደል መጻፍ እንችላለን። ሁለተኛው እዚሁ አጠገባችሁ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መረጃ ሠራተኛውን ጠይቁት፤ ሪፖርቱን የሚልከው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ፕሮግራም ነው። የተሠራው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ነው፣ ምንጩ ክፍት ነው፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ይዟል። መስከረምን መስከረም ብሎ ይቆጥራል። ጋምቢያና ኡጋንዳ ያንኑ ፕሮግራም ለትምህርት መረጃም አውለውታል። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያችንም ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሥርዓት ላይ የቆመ ነው፤ በሕንድ ባንጋሎር ነው የተጸነሰው። ስለዚህ «ክፍት ነገር ለቁም ነገር አይሆንም» የሚል ካለ፣ ኪሱ ያለው መታወቂያ ይመልስለት።

አሁን ወደማይመቸው ክፍል ልግባ። ነጻ ሶፍትዌር የምወድ ሰው ነኝ፤ ግን ክፍት መሆን ብቻውን አያድንም።

በ1997 ዓ.ም. የገባውን ፕላዝማ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው ጠፋ። ተማሪው አልገባኝም ቢል ስክሪኑ አይሰማም፤ መምህሩ ቆም አድርጎ ማስረዳት አይችልም፤ ቀጣዩ ትምህርት ይቀጥላል። ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግነው በአቅራቢያው አልነበረም። ዝግ ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን በሺህ ቁጥር ወደ አገራችን አስገባ። እነዚያ ውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጻ ነበር። የት ናቸው ዛሬ? ልጁ እጅ ገብተው መምህሩ እጅ አልገቡም፤ መምህሩ ሊጠቀምበት ያልሠለጠነበት ዕቃ ክፍል ውስጥ እንግዳ ሆኖ ቀረ።

ፕላዝማው ዝግ፣ ላፕቶፑ ክፍት፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት ውስጥ ባለቤት አላገኙም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ዲኤችአይኤስ 2 የቆመው ፕሮግራሙ ድንቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የጤና መረጃ ቴክኒሽያን የሚባል ሙያ ተፈጥሮለት፣ ሰው ሠልጥኖ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ወንበር ስለተሰጠው ነው። የሕንዷ ኬራላ ክፍለ ሀገር በትምህርት ቤቶቿ ሊኑክስን ስታስገባ አሠልጣኞቹን ከኩባንያ አላመጣችም፤ ከራሷ መምህራን መካከል መርጣ አሠለጠነች። በኋላ ፌደና የሚባለውን ክፍት ፕሮግራም ለራሷ አስተካክላ «ሳምፑርና» ብላ በሺህ ለሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች አዳረሰችው። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ፕሮግራም።

የንግግሬ ርዕስ ከዚህ የመጣ ነው። የትኛውን ፕሮግራም እንጫን ከሚለው በፊት፣ ሮስተሩ የማን ነው? መብራት ሲጠፋ፣ ፋይሉ ሲበላሽ፣ ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር፣ «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚነሳው ማን ነው? ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ ምንም አትጫኑ።

ስሙን ከጠራችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር አትጀምሩ። ሙድልን አትጀምሩ። ሙድል ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ ግን ትምህርት ማስተላለፊያ እንጂ ሬከርድ ክፍል አይደለም፤ ተማሪው ሁሉ መሣሪያና መስመር ሲኖረው ነው የሚጠቅመው። እኛ የምንጀምረው ከሮስተሩ ነው። ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ጫኑ፤ የአማርኛ ገጽታም አለው። ካልክ በተባለው የሠንጠረዥ ክፍሉ አንድ ክፍል ተማሪ ብቻ መዝግቡ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በየራሱ ሣጥን፣ ፆታ፣ የልደት ቀን፣ መለያ ቁጥር። መለያ ቁጥሩን ከስሙ አስበልጡት፤ «ሀ»ም ተጻፈ «ሐ» ልጁ ያው ልጅ ሆኖ የሚቀረው በቁጥሩ ነው። ድምሩን፣ አማካዩን፣ ደረጃውን ቀመሩ ይሠራዋል። የክፍል ኃላፊው 720 ቁጥር አንድ ጊዜ ያስገባል፤ ካርዱና ቋሚ መዝገቡ ከዚያው ይታተማሉ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ወረቀቱም ጎን ለጎን ይሠራ። ሁለቱ ካልገጠሙ የተሳሳተውን ፈልጉ፤ አንዳንዴ ወረቀቱ ነው፣ አንዳንዴ ቀመሩ።

ይህ ሲለመድ ነው እንደ ጊበን ወይም እንደ ሮዛሪዮ ያለ ሙሉ ፕሮግራም የሚመጣው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ይጫናል፣ ከአንድ ራውተር ጋር ይያያዛል፤ መምህሩ በስልኩ ብራውዘር ግቢው ውስጥ ሆኖ ውጤት ያስገባል። ላፕቶፕ ያልኩት ባትሪው መብራት ሲቆራረጥ ፋታ ስለሚሰጥ ነው። ለቤተ ሙከራው ደግሞ ኮሊብሪ የሚባል ያለ መስመር የሚሠራ የትምህርት ማኅደር አለ፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እናውራ፣ ሰዓቴን ይበላዋል።

ስለ አንድ ነገር ግን ሰዓቴን ብትወስዱም እናገራለሁ፤ ስለ አቴንዳንስ። ይህ አካባቢ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር የሚሸኝ አካባቢ ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሰኞ ትቀራለች። ማክሰኞም። አቴንዳንሱ ላይ «ቀ» ይጻፋል፤ ወረቀቱ ተዘግቶ ጠረጴዛ ውስጥ ይገባል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስትደመር 40 ቀን ቀርታለች፤ «አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል። ያን ጊዜ ልጅቷ ጅቡቲን አልፋ ይሆናል። ስሟ ከትምህርት ቤት የጠፋው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። አቴንዳንሱ በሠንጠረዥ ቢሆን፣ አንዲት ተማሪ በተከታታይ አምስት ቀን ስትቀር ስሟ ቀይ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ የአንድ መስመር ቀመር ነው። ዓርብ ከሰዓት ቀይ የሆኑትን ስሞች የያዘ አንድ ወረቀት ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌና አንዲት መምህርት ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ። በማሽላ ጥበቃ ሰሞን የሚቀሩትንም ወንዶች ልጆች እንዲሁ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ሶፍትዌር ጥቅም ተጠቃሎ እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

«ከላይ ሥርዓት ይመጣል ተብሏል፣ ለምን ድርብ ሥራ እንሠራለን?» የምትሉ አላችሁ። ይምጣ። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ይሰበስባል፤ ፎርሙ ተማሪውን በፆታ፣ በዕድሜ፣ በደጋሚና በአቋራጭ ይጠይቃል። ሠንጠረዣችሁ ውስጥ ፆታና የልደት ቀን ካለ ያ ፎርም በአንድ ከሰዓት ይሞላል። ከላይ የሚመጣውም ሥርዓት የእናንተን ንጹሕ ዝርዝር ይቀበላል። ማንም ሊሸጥላችሁ ወይም ሊለግሳችሁ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «ነገ ልንተወው ብንፈልግ የልጆቻችንን መረጃ በሙሉ አውጥተን መውሰድ እንችላለን?» ከተንተባተበ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

መረጃው የልጆች መሆኑን ደግሞ አንርሳ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ይጠብቃል። የተማሪ ውጤትና የወላጅ ስልክ በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ቅጂዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ ሦስቱም በይለፍ ቃል የተቆለፉ፣ አንዱ ግን ከሐርቡ ውጪ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ይቀመጥ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው። በየወሩ ቅጂውን ከፍቶ መፈተሽም የዚያው የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ሳይከፈት የከረመ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ባዶ ወይም ቫይረስ ነው።

ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመጣችሁ ተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። በየዓመቱ በየዩኒቨርሲቲያችን «የተማሪዎች መረጃ አያያዝ ሥርዓት» የሚል የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። ይቀርባል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ሲዲው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ሠሪው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። አብሽሩ፣ አልነቅፋችሁም፤ ሥርዓቱ ነው እንደዚያ የሚያሠራው። ግን ጊበንም ሮዛሪዮም የተጻፉት ክፍል ውስጥ በምትማሩት በፒኤችፒ ነው። ከዜሮ ጀምራችሁ አንድ ተጨማሪ ሲዲ ከምትሠሩ፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን አንድ አድርጎ የሚፈልግ መፈለጊያ ጨምሩበት፤ ጳጉሜን ጨምሩበት፤ የአያት ስም ሣጥን ጨምሩበት፤ ቃላቱን ወደ አማርኛ መልሱ። የሠራችሁት ከእናንተ በኋላ ላለው ባች ይተርፋል፣ ለሐይቅም ለከሚሴም ትምህርት ቤት ይደርሳል። አማካሪ መምህራኖቻችሁም ይህን እንደ መመረቂያ ሥራ እንዲቀበሏችሁ እዚሁ ፊታችሁ እለምናቸዋለሁ።

የመጨረሻው ልመናዬ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለርዕሳነ መምህራን ነው። ገንዘብ አልጠይቃችሁም። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ስጡ፤ ከሳምንታዊ ጭነቱ ላይ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቀንሱለት፣ ሥራውንም በደብዳቤ ስጡት። ክፍለ ጊዜ ሳይቀነስለት «ተጨማሪ ኃላፊነት» ብቻ የሚጫንበት መምህር ይህን ሥራ እስከ ጥር አያደርሰውም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ አንድ ክፍል፣ አንድ ሮስተር ይሞከር። የማይሠራውን ይዛችሁ ኑ፤ የማይሠራውን ነው ለተማሪዎቹ የምንሰጠው።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ፤ ከሬከርድ ክፍል የመጣችሁት ቅድሚያ አላችሁ።